ሰባት ወር ያልጠፋ ኮምፒውተር

በሰፈራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ከተተከለ በኋላ ቀጥሎ የሚታሰበው የሕይወት ታሪክ ነው። ከቀብሩ በፊት የእድሩ ጸሐፊ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሞ ያነበዋል። አንድ ገጽ ነው፤ ቢረዝም አንድ ተኩል። የት እንደተወለደ፣ ምን እንደተማረ፣ የት እንደሠራ፣ ስንት ልጆች እንዳፈራ፣ በምን እንደታመመ ይናገራል። በእኛ እድር ያንን ገጽ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ማንም አልሾመኝም። አቃቂ ካለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ በወጣሁ ሰሞን የእድሩ ጸሐፊ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ሲያነብ ሟቹን ከታናሽ ወንድሙ ጋር አምታታው። ታናሽየው እዚያው ቆሞ ነበር። «ኧረ እኔ አለሁ!» ሲል ለቅሶው መሐል ሳቅ ተነሣ። ከቀናት በኋላ የእድሩ ሰዎች ቤቴ መጡ። ፋብሪካው ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ታይፒስት እንደነበርኩ ያውቃሉ። «እርስዎ ይጻፉልን፤ ሰው በቁሙ እንዳንቀብር» አሉኝ። የእህቴ ልጅ አዲስ ኮምፒውተር ስትገዛ አሮጌውን ላፕቶፕ ሰጠችኝ። የፊደሉ አቀማመጥ ከጽሕፈት መኪናዬ የተለየ ነበር፤ በሁለት ወር ለመድኩት።

ላፕቶፑን አላጠፋውም ነበር። ሥራዬን ስጨርስ ክዳኑን እዘጋና ዳንቴል አለብሰዋለሁ። ሰው ሲመጣ ክዳኑን አነሣለሁ፤ ገጹ እንደተውኩት ይጠብቀኛል። ሞት ቀጠሮ ስለማይሰጥ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ሐዘንተኛ አጠገቤ አስቀምጬ ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ድረስ አብረን የሚሽከረከር ክብ ማየት አልፈልግም።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ እሱን ለሰው ተናግሬው አላውቅም። ፋብሪካችን በሦስት ፈረቃ ይሠራ ነበር። ቢሮዬ ከፈተላ ክፍል የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ስለነበር የማሽኖቹን ድምፅ እንደ ራሴ ትንፋሽ ለምጄው ኖሬያለሁ። መብራት ድንገት ሲጠፋ ያ ድምፅ ቀስ እያለ ይወርድና ዝም ይላል። ማሽን ድንገት ሲቆም ክር ይበጠሳል። አንዱ ማሽን ላይ ብቻ በመቶ የሚቆጠር ክር ነው ያለው። መብራቱ ሲመለስ ሴቶቹ እየዞሩ አንድ በአንድ ይቀጥሉታል፤ ግማሽ ፈረቃ በዚያ ያልቃል። በራሱ ስሕተት ማሽን ያስቆመ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። እንዲህ ሆኜ ስላረጀሁ የሚሠራ ማሽን ማጥፋት ጥፋት ይመስለኛል።

ታላቅ ወንድሜ በዚህ አይስማማም። በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ከግቢዬ ጓሮ ባለችው ክፍል ይኖራል። ዕድሜውን የፈጀው የባቡር ሞተር ሲጠግን ነው። የባቡር ሰውና የፋብሪካ ሰው አቃቂ ውስጥ ድሮም ይተራረባል። እነሱ እኛን ጆሯቸው በጥጥ የተደፈነ ይሉናል፤ እኛ እነሱን ፉጨት ካልሰሙ የማይነሡ እንላቸዋለን።

«ዛሬም አላጠፋሽውም?» ይለኛል፣ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ።

«ምን አደረገህ?»

«እኔን ምን ያደርገኛል! ለሱ አዝኜ ነው እንጂ። የባቡር ሞተር እንኳ መንገዱን ጨርሶ ሲመለስ ይቆማል። ዘይቱ ይቀየራል፣ ይታጠባል፣ ይፈተሻል።»

«ይኼ ዘይት የለውም፣ ጋሼ።»

«ቆሻሻ ግን አያጣም። የሚሠራ ነገር ሁሉ ቆሻሻ አለው፣ እትዬ ታይፒስት።»

እትዬ ታይፒስት የሚለኝ ሊያናድደኝ ሲፈልግ ነው። እኔም መስኮቱን እዘጋበታለሁ።

ኮምፒውተሩም ራሱ ነግሮኝ ነበር። ከስክሪኑ ጥግ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ይወጣል፤ አፕዴት እንደመጣለትና ሪስታርት መደረግ እንዳለበት ይገልጻል። ከሥሩ ሁለት ምርጫ አለ፦ አሁን ወይም በኋላ። እኔ ሁልጊዜ «በኋላ» የሚለውን ነው የምጫነው። መጀመሪያ አካባቢ አንብቤ ነበር የምጫነው። በኋላ ዓይኔ ሳያነብ እጄ ይጫነው ጀመር።

እያደር ኮምፒውተሩ ከበደው። አንድ ቃል ከጻፍኩ በኋላ ቆይቶ ነው ስክሪኑ ላይ የሚወጣው። ሴቭ ሳደርግ ክቡ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፤ እኔም እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ስለዚህ በየመሐሉ ሴቭ ማድረጉን ትቼ መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ማድረግ ጀመርኩ። አርጅቷል ብዬ ነበር። እኔም ከወንበር ስነሣ ጊዜ ይወስድብኛል፤ አልፈረድኩበትም።

ጓደኛዬ የሞተችው በዚህ ጊዜ ነው።

ፈተላ ክፍል ነበር የምትሠራው። ጓደኝነታችን ብዙ ወሬ አልነበረውም። ከሥራ ስንወጣ እስከ ባቡር ሐዲዱ አብረን እንሄድና እዚያ እንለያያለን፤ እሷ ወደ ታች፣ እኔ ወደ ላይ። ጡረታ ከወጣን በኋላም ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳችን አንዳችን ዘንድ እንሄድ ነበር። ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ሁለት ጊዜ ጠየቅኳት። በሁለተኛው ጊዜ እጄን ይዛ ቆየች። አንድ ማክሰኞ ማለዳ ዐረፈች። ቀብሩ በዚያው ቀን በዘጠኝ ሰዓት እንዲሆን ተወሰነ።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጇ መጣች። ጎልማሳ ናት፤ አስተማሪ ናት፤ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ነጠላዋን በጥቁር ሻሽ አጥብቃ ነበር። አላለቀሰችም፤ ጊዜው ገና እንደሆነ አውቃለች መሰለኝ። ተቀመጠችና ነገረችኝ፤ እኔ ጻፍኩ። የተወለደችበት አገር፣ የእናትና የአባቷ ስም፣ እስከ ስንት እንደተማረች፣ ፋብሪካ የገባችበት ዓመት። ከኮምፒውተሩ ቀድሜ እየሄድኩ ነበር የምጽፈው፤ እሱ ከኋላዬ እየተጎተተ ይመጣል።

«ልጆቿን ስንት ብለው ጻፉ፣ እትዬ?»

«ሁለት። አንቺና ወንድምሽ።»

«ሦስት ይበሉ።»

እጄን ከፊደሎቹ ላይ አነሣሁ።

«ከእኔ በፊት አንድ ነበር» አለች። «በአምስት ወሩ ነው የሞተው። ቤታችን ውስጥ ተነሥቶ አያውቅም፤ አባዬ አይወድም። እኔም የሰማሁት ዘንድሮ ሆስፒታል ነው። ስትባንን ትጠራው ነበር። ማነው ስላት ነገረችኝ።»

«አባትሽ ካልወደዱት ግን…»

«እትዬ፣ ሦስት ተብሎ ይጻፍልኝ። ስሙም ይጠራ። ስሙ ካልተጠራ ሦስት ማለቱ ምን ያደርጋል? ሰዉ ይቆጥራል፣ ይረሳል።»

ስሙን ነገረችኝ። በእኛ ሰፈር የማይሰማ፣ ከእናትየው አገር የመጣ ስም ነው። ጻፍኩት። ከዚያ ስለ ሕመሟ ነገረችኝ፤ እሱንም ጻፍኩ። ሲያልቅ ተነሣች። ከአጎቷ ጋር አስከሬኑን ለማውጣት ሆስፒታል መሄድ ነበረባት።

«አባዬ እንዳይሰማ» አለች በር ላይ። «ማለቴ፣ እዚያው ሲነበብ ይስማ። ቀድሞ ከሰማ ያስቀረዋል።»

ከሄደች በኋላ ጥቂት ጊዜ ሳልጽፍ ተቀመጥኩ። የዚያ ሕፃን ነገር ለእኔ አዲስ አልነበረም። ሲሞት የፈቃድ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሠራተኛዋ ልጅ ስለሞተባት የሦስት ቀን ፈቃድ ተሰጥቷታል ይላል፤ አንድ መስመር ነው። ለሕፃኑ ስም ቦታ አልነበረውም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። በአራተኛው ቀን ማሽኗ ላይ ቆማ አየኋት። ማታ እስከ ሐዲዱ አብረን ሄድን። እሷ አላነሣችውም፤ እኔም አላነሣሁትም። እንዲሁ ስንተወው ዕድሜያችን አለቀ።

መጨረሻውን ላስተካክል ወደ ኮምፒውተሩ ስመለስ ስክሪኑ አልንቀሳቀስ አለ። ማውሱን አንቀሳቀስኩ፤ ቀስቱ አይሄድም። ፊደል መታሁ፤ ምንም የለም። ገጹ ግን ይታያል። የሚታየው የመጨረሻው ግማሽ ብቻ ነው፣ ስለ ሕመሟ የሚለው። የልጆቹ ነገር ከላይ አልፏል። ወደ ላይ ልመልሰው ብል እምቢ አለ። ሴቭ አላደረግኩም ነበር።

ጠበቅኩ። እንደ ሌላው ቀን ቆይቶ የሚመለስ መስሎኝ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። አራት ሰዓት ሲያልፍ ወንድሜን ጠራሁት።

መነጽሩን አድርጎ አየው። ጆሮውንም አስጠጋ፤ የሞተር ልማዱ ነው።

«ማራገቢያው ይዞራል፤ ግለቱም አለ» አለ። «አልሞተም። ተጨናንቋል። ማጥፊያውን ተጭነሽ ያዢው።»

«ካጠፋሁት የጻፍኩት ይጠፋል።»

«ካላጠፋሽውስ ምን ታገኚያለሽ? እንዲህ ሆኖ ሊያነቡት ይዘሽው ልትሄጂ ነው?»

«ዝም በል እስቲ፣ ጋሼ።»

«እንደገና ጻፊው። ትዝ ይልሻል።»

ትዝ ይለኝ ነበር። የትውልድ ቦታዋን፣ የትምህርቷን፣ የፋብሪካውን ነገር ሁሉ አልረሳሁም። የጠፋኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሕፃኑ ስም። ይህን ለወንድሜ ስነግረው አላመነኝም።

«አሁን የጻፍሽውን?»

ታይፒስት ያልሆነ ሰው ይህን አይረዳም። ታይፒስት የሚጽፈውን አይሰማም። ቃሉ በጆሮ ይገባል፣ በጣት ይወጣል፣ መሐል ላይ አያድርም። ፋብሪካ ሳለሁ ስንት ሰው የተባረረበትን ደብዳቤ ጽፌ ምሳ ሰዓት ላይ ማን እንደተባረረ ከሰው እሰማ ነበር። እንዲህ መሆኔ ሥራዬን አቅልሎልኛል። ያን ቀን ግን ስሙን አሳጣኝ። የመጀመሪያውን ፊደል እንኳ አላስታውስም ነበር።

ልጅቱ ጋ ደወልኩ። ስልኳ ዝግ ነው። ደግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ባትሪው ቢያልቅባት ቻርጅ ለማድረግ ጊዜ ያላት ቀን አይደለም። የአጎትየው ቁጥር የለኝም።

አምስት ሰዓት ሲሆን ማጥፊያውን ተጫንኩ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ነበር። ስክሪኑ ጠቆረ። ማራገቢያውም ቆመ። ያ ዝምታ ግድግዳው ማዶ ያሉት ማሽኖች ሲቆሙ እንደነበረው ሆነብኝ፤ ከዚህ በላይ አልናገርም።

መልሼ ስከፍተው ገጹ አልመጣም። በሰማያዊ ላይ ነጭ ጽሑፍ ወጣ፤ አፕዴት እየተደረገ ነው፣ ኮምፒውተሩን አታጥፉ ይላል። ከሥሩ አራት በመቶ የሚል ቁጥር አለ። ቁጥሩ አምስት እስኪሆን ወንድሜ ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይኼ ስንት ጊዜ የተጠራቀመ ነው?» አለ።

«ሰባት ወር።»

ዘወር ብሎ አየኝ። ሊተርበኝ ነበር፤ ፊቴን አይቶ ተወው።

«እኔ እጠብቀዋለሁ» አለ። «ቢነሣ እጠራሻለሁ። አንቺ የምታደርጊውን አድርጊ።»

የማደርገውን አላውቅም ነበር። በእጄ ጽፌ ሦስት ልጆች ብዬ፣ አንዱ በሕፃንነቱ እንዳረፈ አንሥቼ ስሙን መዝለል እችላለሁ። ማንም አይጠይቀኝም፤ ከልጅቱ በቀር። እሷም ብትሆን ተቆጥታ የምትናገር ዓይነት አይደለችም። ወረቀቱን አውጥቼ ጻፍኩ፤ እስከዚያ ቦታ ደረስኩ፤ ብዕሩ ቆመ። አንድ ጊዜ ለዚያ ሕፃን ስም ቦታ የሌለው መስመር ጽፌያለሁ። ሁለተኛ ልጽፍለት አልፈለግኩም።

ወረቀቱን አጥፌ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ።

ባለቤቷ ከወንዶቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጭምት ናቸው፤ በኖርንባቸው ዓመታት ከእሳቸው ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር የተነጋገርኩ አይመስለኝም። እግዜር ያጽናዎ ብዬ ዝቅ አልኩ።

«የሕይወት ታሪኩ አለቀ?» አሉኝ።

«አላለቀም። አንድ ነገር ጎደለኝ።»

«ምን?»

ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «የመጀመሪያው ልጃችሁ ስም።»

እጃቸውን ማየት ጀመሩ። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ፊቱን ወደ ውጭ መለሰ። ድንኳኑ በር ላይ አንድ ባጃጅ ሰው አውርዶ ሄደ። ልጅቱን አሳልፌ የሰጠኋት መሰለኝ።

«ማን ነገረሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«ያኔ የፈቃድ ደብዳቤዋን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

እውነት ነው። ሙሉው እውነት ግን አይደለም፤ ለዚያ ሰዓት በቃኝ።

«አንቺ ነሽ እንዴ» አሉ። ከዚያ ቀና አሉ። «ስሙን ብነግርሽ ታነቡታላችሁ?»

«እናነበዋለን።»

«ሰው ፊት?»

«ሰው ፊት።»

«ወረቀት ይዘሻል?»

ሰጠኋቸው። ብዕሩንም ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ባዶ በተውኩት ቦታ ራሳቸው ጻፉት። ጽሑፋቸው ትልልቅ ነው፤ የክርስትና ስሙንም አከሉበት። ልጅቱ የክርስትና ስሙን አልነገረችኝም ነበር፤ የምታውቀውም አይመስለኝም። ወረቀቱን ሲመልሱልኝ «እንዳትሳሳቱ» አሉ።

ቤት ስመለስ ኮምፒውተሩ ስድሳ ሁለት በመቶ ላይ ነበር። ወንድሜ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ ወስዶታል። አልቀሰቀስኩትም። የቀረውን በእጄ ጽፌ ጨረስኩ፤ ፊደሉን አተለቅኩት።

የእድሩ ጸሐፊ ግን ወረቀቱን ሲያይ ተነጫነጨ።

«ዛሬ በእጅ ነው እንዴ፣ እትዬ? ያለፈው እንዳይደርስብኝ!»

«አይደርስብህም። ቀስ ብለህ አንብብ።»

«ይቺ ደግሞ የማን ጽሕፈት ናት?»

«እሷን በተለይ ቀስ ብለህ አንብብ» አልኩት።

ቀስ ብሎ አነበበ። ሦስት ልጆችን አፍርታለች ሲል ሴቶቹ መሐል መንሾካሾክ ተሰማ። ስሙን አነበበ፤ ከነክርስትና ስሙ። ልጅቱ ቀና አለች። የክርስትና ስሙን ስትሰማ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነበር፤ ቀጥሎ አባቷን። አባቷ ወደ መሬት እያዩ ነበር። ከንፈራቸው ግን ከአንባቢው ጋር አብሮ ተንቀሳቅሷል። ልጅቱ ሄዳ አጠገባቸው ቆመች። እስከዚያች ሰዓት ያላለቀሰችውን ያን ጊዜ አለቀሰች።

ያን ዕለት ወደ ማታ ኮምፒውተሩ ተነሣ። ቀሎታል፤ ፊደል ስመታ ወዲያው ይወጣል። የምጽፍበትን ፕሮግራም ስከፍት በጎን በኩል ራሱ ያስቀመጠልኝ አንድ ቅጂ አሳየኝ። አነበብኩት። ፋብሪካ የገባችበት ዓመት ላይ ይቆማል። ከዚያ በታች ነጭ ነው። እስኪነሣ ብጠብቀው ኖሮ ስሙን አላገኘውም ነበር።

በሳምንቱ አቃቂ ገበያ አጠገብ ፕሪንት የማስደርግባት ሴት ዘንድ ይዤው ሄድኩ። ወሬኛ ናት፤ ሥራዋን ግን ታውቃለች። የሆነውን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሰባት ወር? እማማ፣ ክዳኑን ሲዘጉት እኮ አይጠፋም፤ ይተኛል እንጂ። የከፈቱት ነገር ሁሉ ውስጡ እንዳለ ነው።»

«የምከፍተው አንድ ነገር ብቻ ነው።»

«እርስዎ የሚያዩት አንድ ነው። ከሥር የሚሠራው ስንት ነው! ፕሮግራም ሲዘጉት ሁሉም የያዘውን ቦታ ለቆ አይሄድም፤ ትንሽ ትንሽ ይቀራል። ሲጠራቀም መላወሻ ያጣል። ሪስታርት ሲያደርጉት ሁሉንም አውርዶ በባዶ ይጀምራል። አፕዴቱም ቢሆን ወርዶ ይጠብቃል እንጂ ብዙው ካልተነሣ አይገባም። አፕዴት ያልገባለት ደግሞ ለቫይረስም የተመቸ ነው።»

«ሲጠፋ የጻፍኩት አይበላሽም?»

«ሴቭ ያደረጉት ምን ይሆናል? በሳምንት አንድ ቀን ሴቭ አድርገው፣ ሁሉን ዘግተው፣ ሪስታርት ይበሉት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እንዲህ አጠራቅመው አንቀው ከሚያስነሡት!»

በሚኒባስ ስመለስ የፋብሪካውን ነገር አሰብኩ። ማሽኖቹ ይቆሙ ነበር። በየተራ፣ በቀን በቀናቸው፣ ክሩ ተይዞ ይቆሙና ብናኙ ይጠረጋል፣ ዘይት ይጠጣሉ። ጓደኛዬ በዚያ ቀን ጸጉሯ በጥጥ ብናኝ ነጭ ሆኖ ስትወጣ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። ይህን እንዴት እንደዘነጋሁት ሳስብ ገባኝ። ታስቦበት ስለሚቆም ማሽን ደብዳቤ አይጻፍም። ወደ እኔ ጠረጴዛ የሚመጣው ድንገት የቆመው ብቻ ነበር። እኔ ደግሞ ፋብሪካውን የማውቀው ጠረጴዛዬ ላይ በሚመጣው ወረቀት ነው።

አሁን ዓርብ ዓርብ ጠዋት ሪስታርት አደርገዋለሁ። ወንድሜ ይህን ሲያይ ምንም አላለም፤ ይህ ከእሱ ትልቅ ነገር ነው። እድሩ ውስጥም ለሌሎች መናገር ጀምሬያለሁ። ስልካቸውንም ቢሆን ዓመት ሙሉ አጥፍተው የማያውቁ ብዙ ናቸው።

አርባዋ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ባለቤቷ ቤቴ መጡ። ብቻቸውን ነበሩ፤ ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ ይዘዋል። ወንበር ሰጠኋቸው።

«ያን ቀን የተነበበው አጭር ነው» አሉ።

«የሚነበበው አንድ ገጽ ስለሆነ ነው።»

«ለንባብ አይደለም። ልጄ የወንድሟ ነገር ተጽፎ ይኑረኝ ብላለች። እንድነግራት ትጠይቀኛለች፤ እሷን ፊት ለፊት እያየሁ ግን አልችልም። አንቺ ከጻፍሽው ታነበዋለች።»

ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ኮምፒውተሩን ገና አላስነሣሁትም። ጥቂት ይጠብቁኝ ብዬ ሪስታርት አደረግኩት። ሲነሣ አብረን ስክሪኑን አየን። የሚሽከረከረው ክብ መጣ፤ ሐዘንተኛ አስቀምጬ ላየው የማልፈልገው ያ ክብ። እሳቸው አልቸኮሉም። እንዲያውም ገና ሳልዘጋጅ መናገር ጀመሩ፤ አስቆምኳቸው።

«አንድ ጊዜ ይታገሡኝ። ዛሬ እየሰማሁ ነው የምጽፈው።»

አዲስ ገጽ ከፈትኩ። ምንም ሳልጽፍበት ስም ሰጥቼ ሴቭ አደረግኩት። ስሙ የሕፃኑ ስም ነው።

«አምስት ወር ለኖረ ልጅ ምን ይነገራል ትይ ይሆናል» አሉ።

«አልልም።»

«ማታ ከሥራ ስመጣ እናቱ ፈረቃ ትሄዳለች። እኔ ነኝ የማቅፈው። የፋብሪካው ጥሩምባ ሲነፋ ሌላው ሕፃን ይደነግጣል አይደል? እሱ አይደነግጥም። ዘወር ብሎ ወደ በሩ ያያል። እናቱ በዚያ እንደምትመጣ በምን እንዳወቀ…»

ጻፍኩት። ሴቭ አደረግኩ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እንዲቀጥሉ።